የጤና ባለሙያዎች የንግግር ስልጠና ወስጄ ነበር፣ ገንዘቡ ይገባዋል ወይ ለምትሉ

ብዙ ሰው በኢንቦክስ ስለጠየቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። አዲስ አበባ ውስጥ ለጤና ባለሙያዎች ተብሎ የሚሰጥ የንግግር ስልጠና ነው፣ የጤና ፍትሐዊነትን (ጤና ለሁሉም ሰው እኩል ይድረስ የሚለውን) መድረክ ላይ እንዴት ታወራለህ፣ ከዛ ደግሞ ለውጭ ሰው፣ ለለጋሽ፣ ለዓለም አቀፍ ስብሰባ እንዴት ታቀርበዋለህ ነው ጠቅላላ ሀሳቡ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ግማሹ ሙገሳ ግማሹ ወቀሳ ስለሆነ ማስታወቂያም ስም ማጥፋትም እንዳይሆንብኝ፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ስራዬ ጤና ትምህርት ላይ ነው፣ ክትባት፣ እናቶችና ህጻናት ምናምን፣ ስለዚ ማይክ ሳልይዝ የሚያልፍ ሳምንት ብዙም የለም፣ አንዳንዴ አዳራሽ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ዛፍ ስር።

ዋጋውን መጀመሪያ እንጨርስ። ውድ ነው። ለአንድ የመንግሥት ጤና መኮንን የወር ደሞዙን ግማሽ ይጠጋል፣ እኔ መስሪያ ቤት ባይከፍልልኝ አልሄድም ነበር። ከነበርነው ሰዎች አብዛኞቻችን ወይ ቢሮ ወይ ኤንጂኦ የከፈለልን ነን፣ ከኪሷ የከፈለች አንዲት ነርስ ነበረች፣ ጎበዝ። ጤና ኤክስቴንሽን ግን አንዲትም የለችም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሰልጥነው በየቀበሌው ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስተምሩበት ሀገር ላይ ነን፣ ስለ ጤና ከሕዝቡ ጋር ፊት ለፊት የሚያወሩት እኮ እነሱ ናቸው፣ እነሱ የሌሉበት የጤና ንግግር ስልጠና ትንሽ ይከብዳል። ለነሱ ነጻ ቦታ ትሰጣላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ "ስፖንሰር ከተገኘ" ተባልኩ። አዳራሹ ቦሌ አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱ አይሰራም ነበር፣ ክራንች ይዞ የመጣ ተሳታፊ ስላለ ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ እየቆምን እንጠብቀው ነበር፣ ወደ ታች አዳራሽ ቀይሩልን ብንል ተይዟል ነው መልሱ። ምሳው አሪፍ ነው፣ ረቡዕ ስለነበረ በያይነቱ ቀርቦ ነበር፣ ቡናውም በጀበና ነው፣ እሱ ላይ ወቀሳ የለኝም።

አሁን ወደ ጥሩው። የመጀመሪያውን ቀን የያዘችው አሰልጣኝ ብዙ ዓመት ሬዲዮ ላይ የጤና ፕሮግራም የሰራች ሴት ናት። ገብታ ሰላም ብላ "ፕሮጀክተሩን አጥፉት" አለች። ከዛ እያንዳንዳችን ተነስተን ስለምንሰራው ስራ ሁለት ደቂቃ እንድናወራ፣ እሷ ሰዓት ይዛ ትንሽ ደወል ይዛ ተቀመጠች። ደወሉ ሲጮህ ግማሹ ሰው ገና "የተከበራችሁ፣ ክቡራን እንግዶች፣ በቅድሚያ ይህን መድረክ ላዘጋጀው..." ላይ ነው። አንዱማ ምስጋናውን ሳይጨርስ ነው የተደወለበት፣ ስለምን እንደሚሰራ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሳቅን፣ ግን ሁላችንም ያው ነን፣ ፕሮቶኮል ካልተደረደረ ንግግር የተጀመረ አይመስለንም።

ማይክ አያያዝ ላይ ረጅም ሰዓት ሄደ፣ ለኔ የሰራልኝ ደግሞ እሱ ነው። ከአፍህ አንድ ጭብጥ ያህል ይራቅ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፣ አለበለዚያ "ፖሊዮ" ባልክ ቁጥር ስፒከሩ ይፈነዳል። ከኋላ አይሰማም ሲሉህ አትጩህ፣ ዝግ በል። ቁጥር ከተናገርክ በኋላ አፍህን ዝጋ፣ ሰው ቁጥሩን እስኪውጠው ድረስ ቀጣዩን አታምጣ። በየስብሰባው ማይኩን አፉ ላይ ለጥፎ የሚተነፍስብንን ኃላፊ እያሰብኩ ነበር ኖት የያዝኩት።

በጣም የወደድኩት ግን ከሰዓት በኋላ ቁጥር ያስተማረችበትን ነው። የ2016ቱን (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አወጣች፣ ሁላችንም ፕሮፖዛል ላይ ኮፒ ፔስት የምናደርገውን። ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱ ልጆች በሀገር ደረጃ ከ1000 በሕይወት ከተወለዱት 67፣ አፋር 125፣ አዲስ አበባ 39። ሦስቱን ቁጥር ቦርድ ላይ ጻፈችና "ይሄን ለእናቴ ንገሯት" አለች። አንዱ ተነሳ፣ "የሞት ምጣኔው በክልሎች መካከል ከፍተኛ ልዩነት..." ብሎ ሳይጨርስ "እናቴ ተኝታለች" አለችው። ሌላዋ ሞከረች፣ በመቶኛ ቀየረችው፣ "አሁንም ተኝታለች"። ከዛ እሷ ራሷ ከፊት ረድፍ ስምንት ሰው አስነሳች። "አፋር ውስጥ የተወለዳችሁ ስምንት ልጆች ናችሁ፣ አምስት ዓመት የማይሞላው አንዳችሁ ተቀመጡ።" ማንም አልተቀመጠም። እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ፣ አንዷ ሳቀችና ወዲያው ተወችው፣ በመጨረሻ ጥግ ላይ የቆመው ልጅ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። 125 ከ1000 ማለት ከስምንት አንድ ነው በቃ፣ ስንት ጊዜ ጽፈነዋል ግን እንደዛ አስበነው አናውቅም። አዲስ አበባ ላይ አንድ ልጅ ለማስቀመጥ ሀያ አምስት ሀያ ስድስት ሰው መቆም ነበረበት፣ እኛ ደግሞ ያን ያህል አልነበርንም፣ ሙሉ ክፍሉ ቆሞ እንኳ አንድ አይሞላም።

ከዛው ጥናት ሌላም አመጣች፣ ጤና ተቋም ውስጥ የወለዱ እናቶች አዲስ አበባ 97 በመቶ፣ አፋር 15፣ ሀገር አቀፉ 26። እና 26 በመቶ የሚባል ቦታ የሚኖር ሰው የለም አለች፣ ወይ እዛ ነህ ወይ እዚህ ነህ። ለኔ ስልጠናው በሙሉ እዚች ውስጥ ነው ያለው። ስለ ፍትሐዊነት እናወራለን እያልን መድረክ ላይ የምንወጣው አማካዩን ይዘን ነው፣ አማካዩ ደግሞ ልክ ልናወራበት የፈለግነውን ነገር ይደብቀዋል፣ ስለዚ ንግግሩ ያምራል ግን ስለምንም አይደለም።

"ለምን?" ብላ ስትጠይቅ የተለመደው መልስ መጣ፣ ግንዛቤ ማነስ፣ ባህል፣ ምናምን። ከአፋር፣ ከሰመራ የመጣ አንድ ወንድም እጁን አወጣ፣ ቀኑን ሙሉ ዝም ያለ ሰው ነው። ተነስቶ ጤና ጣቢያው ካርታ ላይ አለ፣ እናትየው ግን ከከብቶቿ ጋር ናት፣ ውሃው ወዳለበት ነው የምትሄደው፣ ምጡ ሲመጣ የት እንዳለች አምቡላንሱ አያውቅም፣ ቢያውቅም መንገድ የለም፣ ግንዛቤማ አላት፣ እናንተ ናችሁ እሷ የት እንዳለች ግንዛቤ የሌላችሁ አለ። ደቂቃም አልፈጀበትም፣ ስላይድ የለ፣ እጅ ማወናጨፍ የለ። አሰልጣኟ ደወሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ "ስልጠናውን እሱ ይቀጥል" አለች፣ ቀልድ ነው ግን ግማሽ ልቧን ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ያልወደድኩት ነገር፣ ቁጥሩ የቆየ መሆኑን አልተናገረችም። 2016 ማለት ከኮቪድም ከጦርነቱም በፊት ነው፣ የ2019ኙ ሚኒ ጥናት ራሱ ሀገር አቀፉን የልጆች ሞት ከ67 ወደ 59 አውርዶታል። ቁጥር ስትጠራ ዓመቱን አብረህ ካልጠራህ ታዳሚው የዛሬ ነው ብሎ ይይዘዋል፣ እንደሷ ያለ አሰልጣኝ ይሄን መዝለል አልነበረባትም።

ማን ይናገር የሚለው ላይም ጥሩ ነገር አመጣች። የመቅድምና የተስፋ ጎህ ማህበራትን ሰዎች ታስታውሳላችሁ? ኤች አይ ቪ ስሙ እንኳ በሹክሹክታ በሚጠራበት ሰዓት ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ማይክ ይዘው በአደባባይ ስለራሳቸው ያወሩ ነበር። የኛን ሀገር የጤና ንግግር የቀየሩት እነሱ ናቸው፣ ሰርተፍኬት ያለው አሰልጣኝ አላሰለጠናቸውም። ፖስተሩ ላይ የራስ ቅል ስለን ሰው ስናስፈራራ የነበርነው ባለሙያዎቹ ነን፣ እነሱ ደግሞ ወጥተው "እኔ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ እሰራለሁ" አሉ። ዛሬ ስለ ፊስቱላ፣ ስለ ቲቢ፣ ስለ አዕምሮ ህመም የሚዘጋጅ መድረክ ላይ ባለጉዳዩ የት ነው የሚቀመጠው? አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ነው፣ አበል ተሰጥቶት፣ ፎቶ ለመነሳት። ይሄን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ እሷ እንደዚህ በግልጽ አላለችውም።

ከፎቶው ጋር ተያይዞ የ1977ቱ ረሀብ ተነሳ። ኮረም ላይ የተቀረጸው የቢቢሲ ዘገባ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1984 ዓለምን አዳረሰ፣ በጁላይ 1985 ላይቭ ኤይድ የሚባለው የእርዳታ ኮንሰርት ተደረገ፣ ገንዘብ ተሰበሰበ፣ ሕይወትም ተርፏል ይሄን መካድ አይቻልም። ግን ያ ምስል እስካሁን አልለቀቀንም፣ ውጭ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከኢትዮጵያ ነኝ ስትል የሰው ፊት ላይ የሚመጣውን ነገር። አሰልጣኟ የደነገገችው ነገር ቀላል ነው፣ የልጁ እናት አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ ብታየው የማታፍርበትን ፎቶ ብቻ አሳይ። ሁላችንም ስላይዳችንን ከፍተን ፎቶ እያወጣን እንድንሰርዝ አደረገችን፣ እኔ ራሴ ከሁለት የማያንስ አወጣሁ።

ሁለተኛው ቀን... ምን ልበላችሁ። የያዘው አሰልጣኝ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የሰራ ሰው ነው፣ ጨዋ ነው፣ ዝግጁ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ጄኔቫ ነው የዋልነው። በየሜይ ጄኔቫ በሚደረገው የዓለም ጤና ጉባኤ ላይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንዴት ትናገራለህ፣ ለጋሽ ሊፍት ውስጥ ብታገኘው ምን ትለዋለህ (የኛ ሊፍት እንደማይሰራ ያስታውሷል)፣ እግርህን እንዴት ከፍተህ ትቆማለህ። ሁሉም በእንግሊዝኛ።

የስዊድናዊውን ሐኪም የሀንስ ሮስሊንግን የ2006 የቴድ ንግግር አሳየን፣ ያው እያንዳንዱ ሀገር አንድ አረፋ ሆኖ፣ አረፋዎቹ ግራፍ ላይ እየተንቀሳቀሱ ሀገራት ሀብታምና ጤነኛ እየሆኑ የሚሄዱበት። ሮስሊንግ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው ያረፈው፣ ወጣት ሐኪም ሳለ ሞዛምቢክ ናካላ ውስጥ ሰርቷል፣ እና መድረክ ላይ እንደሱ ቁጥር ያጫወተ ሰው አላየሁም፣ እንደ እግር ኳስ ኮሜንታተር ነው የሚያወራው። ያናደደኝ አሰልጣኙ ቪዲዮውን ያቆመበት ቦታ ነው። እዛው ንግግር ውስጥ ሮስሊንግ አፍሪካን በሀገር፣ ከዛ ዩጋንዳን ደግሞ በሀብት ደረጃ ከፋፍሎ ሀብታሙ ዩጋንዳዊና ድሀው ዩጋንዳዊ አንድ ቦታ እንዳልሆኑ ያሳየበት ክፍል አለ፣ ለኛ ርዕስ ዋናው እሱ ነበር፣ እሱ ሳይደርስ ለሻይ ወጣን። ሬዲዮዋ ሴትዮ ትናንት ያለችውን ነገር ሮስሊንግ በአረፋ ሲያሳየው ማየት ይቻል ነበር። ባይ ዘ ዌይ ሮስሊንግ ከመሰረቱት አንዱ የሆነው ጋፕማይንደር ድረገጹ ላይ ያንን ግራፍ በነጻ መጠቀም ይቻላል፣ ኢትዮጵያን መርጣችሁ ከ1800 ጀምሮ ማጫወት ነው፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ኦፍላይን ቨርዥንም አለው፣ ኔትወርክ ለሌለበት ወረዳ ግሩም ነው። ይሄን ለማወቅ ያን ሁሉ ብር መክፈል አያስፈልግም።

ሌላው የዶክተር ቴድሮስ ንግግር ነው። ስለ ሰውየው ፖለቲካ ያላችሁን ነገር ለጊዜው አስቀምጡትና ንግግሩን ብቻ እዩት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2021፣ በኛ የከተራ ዕለት፣ ለዓለም ጤና ድርጅት ቦርድ ሲናገር ሀብታሞቹ ጋር፣ ቢያንስ 49 ሀገራት ውስጥ፣ ከ39 ሚሊዮን በላይ ዶዝ የኮቪድ ክትባት ተሰጥቷል፣ አንድ ድሀ ሀገር ውስጥ ግን የተሰጠው 25 ነው አለ። 25 ሚሊዮን አይደለም፣ 25 ሺህም አይደለም፣ 25 ብቻ። አሰልጣኙ እዚች ጋ ቪዲዮውን አቁሞ ደጋግሞ አሳየን፣ ልክ ነው፣ ቁጥሩን ከላይ ወደ ታች እያወረደ መጨረሻ ላይ ባዶ እጅህን ያስቀርሃል። ግን አንድም ሰው ከዛ በኋላ ምን ተለወጠ ብሎ እንዲጠይቅ አልተደረገም። ለኛ የመጀመሪያው የኮቫክስ (ለድሀ ሀገራት ክትባት ያከፋፍል የነበረው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም) ክትባት፣ 2.184 ሚሊዮን ዶዝ፣ የገባው ማርች 7 ነው፣ መቶ ሚሊዮን ላለፈ ሕዝብ። ያን የመሰለ ንግግር ተደርጎም ወረፋው ብዙም አልተነቃነቀም። ንግግር ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል ለማውራት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አልነበረም፣ እሱ ግን ወደ ቀጣዩ ስላይድ፣ የሸሚዝ ቀለም አመራረጥ።

ትልቁ ጉድለት ግን ይሄ ነው፣ በአስተርጓሚ መናገርን አንድም ሰው አላስተማረም። ከኛ ውስጥ ስንቱ ነው ጄኔቫ የሚሄደው? ሱማሌ ክልል፣ አፋር፣ ቦረና፣ ደቡብ ኦሞ ሄዶ በአስተርጓሚ የሚያወራው ግን ሞልቷል። እሱ የራሱ ጥበብ አለው። የአስር ደቂቃው ንግግር አምስት ደቂቃ ነው የሚሆነው፣ ቀልድህ መንገድ ላይ ይሞታል፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር ከተናገርክ አስተርጓሚው ሦስቱን ሀሳብ አንድ ያደርገዋል፣ አይንህ ደግሞ አስተርጓሚው ላይ ሳይሆን እናቶቹ ላይ መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ አስተርጓሚውን ቀድመህ አግኝተህ ቡና እየጠጣህ ምን ልትል እንደሆነ ካልነገርከው በቃ ሌላ ንግግር ነው የሚያደርገው፣ አንዳንዴ ካንተ የተሻለ። ከሰመራ የመጣው ወንድም ይሄን ሲያነሳ "ይሄ ከፕሮግራሙ ወሰን ውጭ ነው" ተባለ። ዓለም አቀፍ ኮሙኒኬሽን ማለት ወደ ውጭ ብቻ የሚሄድ ነው እንዴ?

ደግነቱ የመጨረሻውን ሰዓት ሬዲዮዋ ሴትዮ ተመልሳ ያዘችው፣ ጥያቄና መልስ። አንዳችን ተናጋሪ፣ ሌላው የተቆጣ አባት ሆነን የማህጸን በር ካንሰር መከላከያ ክትባትን እንደ ርዕስ ወሰድን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረውን። አባትየውን የተጫወተው ፋርማሲስት ጉድ ነው፣ "ልጄን ልታመክኑብኝ ነው?" ብሎ ሲጮህ ተናጋሪዋ ልጅ እውነት ደነገጠች። "አይ አያመክንም፣ ያመክናል የሚባለው ውሸት ነው፣ ማን ነው ያመክናል ያለዎት" እያለች በአንድ ትንፋሽ ወሬውን ሦስት ጊዜ ደገመችው፣ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው የቀረው "ያመክናል" የምትለዋ ናት። አሰልጣኟ አስቁማ እንዲህ አስተካከለችው፣ መጀመሪያ እውነቱን ተናገሪ፣ ወሬውን አንዴ ብቻ ጥሪውና ለምን ልክ እንዳልሆነ ንገሪው፣ ከዛ እንደገና እውነቱን። ከዛ በፊት ግን "አባቴ፣ ለልጅዎ መጨነቅዎ ትክክል ነው" በይው፣ የተቆጣ ሰው ካልተከበረ አይሰማም። ልጅቷ እንደገና ሞከረች፣ ፋርማሲስቱ እንደምንም መቆጣት አቃተው። ይሄን በሳምንቱ ስራ ላይ ተጠቅሜበታለሁ፣ ይሰራል።

ከስልጠናው በኋላ ያለው ነገር ዜሮ ነው። እያንዳንዳችን የተቀረጽነውን ቪዲዮ ከአስተያየት ጋር እንልካለን ተብለን ነበር፣ እስካሁን አልመጣም፣ ደውዬ "ኤዲቲንግ ላይ ነው" ተብያለሁ። ለክትትል የተከፈተው ቴሌግራም ግሩፕ አሁን የበዓል ፖስተርና የመሬት ሽያጭ ብቻ ነው። ሰርተፍኬቱ ግን በሰዓቱ ደርሷል፣ በፍሬም።

እንግዲህ ቢሮ የሚከፍልላችሁ ከሆነ ሂዱ፣ ለመጀመሪያው ቀን ስትሉ። ከኪሳችሁ ከሆነ እኔ አልመክርም፣ ስብሰባና ኮንፈረንስ የሚበዛበት ስራ ላይ ካልሆናችሁ በቀር፣ ለነሱ ሁለተኛው ቀንም ይጠቅማቸዋል ፌር ለመሆን። ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ፣ ሦስቱም የሴትዮዋ ናቸው። ስትመዘገቡ ሬዲዮ ላይ የሰራችው ሴትዮ ትኖር እንደሆነ ጠይቁ፣ ክፍለ ሀገር የምትሰሩ ደግሞ አስተርጓሚ ያለበት ልምምድ ይጨመር ብላችሁ ቀድማችሁ በጽሁፍ አስገቡ፣ ብዙ ሰው ከጠየቀ ይገባቸው ይሆናል። እና ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቪዲዮአችሁን እዛው ካሜራማኑ ጋ ገልብጣችሁ ውጡ።